ፊት የሌለው ስልክ

ድሮ ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረች የአምቦ ልጅ ባለፈው ጥር ደወለችልኝ። ሰላምታውን እንደ ልማዷ አሳጥራ፣ «አንተ አሮጌ ወረቀት እያገላበጥክ ይሄ የዚህ ዘመን ነው፣ ያ የዚያ ዘመን ነው ስትል አይደል የኖርከው? እስቲ መጥተህ አንድ ስልክ እይልን» አለችኝ።

«የምን ስልክ?»

«የአባባ ስልክ። መቼ እቤት እንደገባ ካልታወቀ እኔና ወንድም ጋሼ አንታረቅም።»

እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው አምቦ ውስጥ የእህል ወፍጮ የነበራቸው ሰው ናቸው። እሳቸውም እናቲቱም ካረፉ ቆይተዋል። አሁን ልጆቹ አዋጥተው የወላጆቻቸውን መቃብር በእምነ በረድ ሊያሠሩ ተስማሙ። ከሁለቱ ስም በታች ደግሞ መቃብር የሌለውን የወንድማቸውን ስም ሊጨምሩ አሰቡ። ልጁ አዲስ አበባ ይማር የነበረ ሲሆን፣ በ1970 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከተከራየባት ክፍል አንድ ማታ እንደወጣ አልተመለሰም። ዘመኑ የቀይ ሽብር ዘመን ነውና ብዙ ማብራራት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። ታላቅየው «ሚያዝያ 1970 ተብሎ ይጻፍ» ይላሉ። እህትየው «በፍጹም!» ትላለች። እናቲቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ፣ ግንቦት ላይ በስልክ ድምፁን ሰምቼዋለሁ ሲሉ ነው የኖሩት። ተዝካሩንም አላወጡለትም።

እናቲቱ ሲናገሩ እንዲህ ነበር አሉ። የግንቦት ልደታ ባለፈ በሳምንቱ፣ ማታ፣ ስልኩ ጮኸ። አነሡና «ኤኙ?» አሉ። ማን ነው ማለታቸው ነው። ከወዲያ «ሀሎ፣ ሀሎ» የሚል ድምፅ መጣ። የልጃቸው ድምፅ ነው። «አቤት ልጄ! አለሁ!» ብለው ጮኹ። እሱ ግን «ሀሎ፣ ሀሎ» ከማለት በቀር የሚመልሰው የለም። እሳቸው ይጮኻሉ፤ እሱ ሀሎ ይላል። ከዚያ ጸጥ አለ።

ታላቅየው ይህን «የእናት ሕልም» ነው የሚሉት። በክፋት አይደለም፤ እሳቸውም ወንድማቸው ነው። ግን ሁለት መከራከሪያ አላቸው። አንደኛ፣ በ1964 ለሥራ ወደ አሰብ ሲሄዱ ቤቱ ስልክ አልነበረውም። ከ13 ዓመት በኋላ በ1977 ሲመለሱ ባለ ክብ መደወያ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አገኙ፤ አባታቸውም «አዲስ ስልክ ገባልን» ብለው በኩራት አሳዩዋቸው። እንግዲህ በ77 አዲስ የሆነ ስልክ በ70 እንዴት ይጮኻል? ሁለተኛ፣ መስመር ወይ ይሠራል ወይ ተቆርጧል። የሚሰማ ሰው እንዴት አይሰማም? እህትየው በ1970 የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። የምታስታውሰው ነገር ቢኖር ስልኩ እንደነበረ፣ ደግሞም «ፊት እንዳልነበረው» ነው። «ፊት የሌለው ስልክ!» ይሉና ታላቅየው ይስቁባታል።

እኔ ስልክ መፍታት አላውቅም። ስለዚህ ወደ አምቦ ከመሄዴ በፊት ያገኘሁትን አነበብኩ። እኛ አገር የስልክ ነገር ሲነሣ ሁሉም ከምኒልክ ይጀምራል። ደጃዝማች፣ በኋላ ራስ፣ መኮንን በ1882 ዓ.ም. ከኢጣልያ ሲመለሱ ይዘውት መጡ የሚባለው ስልክ አለ። ካህናቱ ከሣጥን የሚወጣውን ድምፅ ሰምተው «ይሄማ ሰይጣን ነው» አሉ የሚባለው ወሬ አለ። ከዚያ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ይከተላል። ይህን ያልሰማ ተማሪ የለም። የቤተ መንግሥቱ ስልክ ታሪክ አለው፤ የወፍጮ ቤቱ ስልክ ግን የሚጽፍለት የለም። በ1943 ዓ.ም. ለስልክ ሥራ ከዓለም ባንክ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ። በ1945 ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በዐዋጅ ቆመ፤ ስዊድናውያን ባለሙያዎችም ነበሩበት። ይህን የማነሣው ስዊድን በኋላ ስለምትመጣ ነው።

ለኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነው። የድሮ ስልክ በሁለት ይከፈላል። አንዱ በእጅ የሚዘወረው ነው። በጎኑ ያለችውን ዘንግ ስታዞር ውስጡ ያለው ትንሽ ዲናሞ ኤሌክትሪክ ያመነጭና ማዞሪያ ቤት ያለችውን ልጅ ይጠራታል። እሷ ታነሣለች፤ «ሀገረ ሕይወት 14 ስጪኝ» ትላታለህ፤ ገመድ ሰክታ ታገናኝሃለች። ሁለተኛው ባለ ክብ መደወያው ነው። ጣትህን ከ7 ላይ አግብተህ እስከ መቆሚያው ጎትተህ ስትለቀው ሞላው ይመልሰዋል፤ ሲመለስ መስመሩን ሰባት ጊዜ ይቆርጠዋል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ዐሥር ቆረጣ ያህል ነው። ዜሮ ዐሥር ጊዜ ነው የሚቆርጠው። ወዲያ ማዶ ያለው መኪና ቆረጣውን ቆጥሮ ራሱ ያገናኛል፤ ልጅቷ አታስፈልግም። ይህን ራስ ሠር ማዞሪያ ያሰበው አልሞን ስትሮውጀር የተባለ የካንሳስ ሲቲ ሰው ሲሆን፣ በ1891 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ሥራው ሬሳ ማስቀበር ነበር። የማዞሪያዋ ሠራተኛ ደንበኞቼን ለተፎካካሪዬ ታዞርብኛለች ብሎ ተናዶ ነው የፈጠረው ይባላል። ክብ መደወያው ከጥቂት ዓመት በኋላ በባልደረቦቹ የተጨመረ ነው።

ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አልፌ ረፋዱ ላይ አምቦ ደረስኩ። የጸጋዬ ገብረ መድኅን አገር ናትና ድሮ በመጣሁ ቁጥር ተማሪዎቼን ማስታወሴ አይቀርም ነበር፤ አሁን ግን ስልኩን ነበር የማስበው። ቤቱ ስገባ ታላቅየው ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ፀጉር የወረሳቸው ሰው ናቸው። እህትየው ደግሞ አንድ ጡረተኛ የስልክ ሠራተኛ አስመጥታለች። ሰፈሩ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። የመጡት በአንዲት ካቻቢቴ፣ በአንዲት ፒንሳና በገመድ በታሰረ መነጽር ነው።

ስልኩ ጥቁር ነው። ከባድ ነው። ጋሼ ገና ከመፍታታቸው በፊት አውራ ጣታቸውን ጎኑ ላይ ሞቅ እስኪል አሹና አሸተቱት፤ ለኔም ሰጡኝ። የመድኃኒት ቤት የመሰለ ሽታ አለው። «ባክላይት ነው። ፕላስቲኩ እንዲህ አይሸትም፤ እንዲህም አይከብድም» አሉ። ባክላይት በ1907 እ.ኤ.አ. የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ነገር ሲሆን፣ ለስልክ ቀፎ ብዙ ዘመን አገልግሏል። ቅርፁን አውቄዋለሁ፤ ከማንበቤ የተረፈኝ እሱ ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ዮሃን ክርስቲያን ብየርክነስ የተባለ ኖርዌያዊ መሐንዲስና ሠዓሊው ዣን ሃይበርግ ያወጡት፣ የስዊድኑ ኤሪክሰን ዓለምን ያዳረሰበት ቅርፅ ነው። እግሩ ሰፋ፣ ትከሻው ሰብሰብ ያለ፣ እጀታው አናቱ ላይ የተጋደመ። እስከ ዛሬ ድረስ ልጆች ስልክ ሳሉ ሲባሉ የሚስሉት እሱን ነው።

ጋሼ ገለበጡት። ሥሩ ያለውን ቆርቆሮ በአራት ብሎን ፈቱ። ውስጡ የተለጠፈ፣ ጠርዙ ብል የበላው የሽቦ ንድፍ ወረቀት አለ፤ ኤል ኤም ኤሪክሰን፣ ስቶክሆልም ይላል፤ ጥግ ላይ 57 የሚል ማኅተም። ታላቅየው በመነጽራቸው ጎንበስ ብለው አዩና፣ «57? እኔ በ64 ስሄድ ምንም አልነበረም እኮ» አሉ።

«የፈረንጅ 57 ነው፤ በእኛ 49 ወይ 50» አሉ ጋሼ። «እሱም የተሠራበት ነው። እዚህ የገባበት አይደለም።»

ይህች አነጋገር ደስ አለችኝ። እኛም ብራና ስናይ የምንለው እሱን ነው፦ ቆዳው የተፋቀበት ዘመን ሌላ፣ የተጻፈበት ሌላ፣ የተደጎሰበት ሌላ። ስልክም እንደዚያው ኖሯል። ጋሼ አንድ በአንድ እየነቀሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ሁለቱ የደወል ጽዋዎች የቀፎው እኩያ ናቸው፤ ዝገታቸውም ብሎናቸውም አንድ ነው። የእጀታው አፍ ሲፈታ የወጣው የከሰል ፍርፋሪ ያለበት ማይክሮፎን ግን 76 ይላል። እሱም የፈረንጅ ነው። የእጀታው ገመድ የተጠቀለለ ፕላስቲክ ነው፤ የድሮው በጨርቅ የተሸመነ ቀጥ ያለ ቡናማ ገመድ ነበር። መደወያውን አወጡት፤ ጀርባው ላይ 81። ደግሞ የኤሪክሰንም አይደለም፤ ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ነው። (በስዊድን አገር ውስጥ ስልክ ዜሮው ከ1 በፊት ነው የሚመጣው። እዚህ ከ9 ቀጥሎ ነው። ይህን ስናገር ጋሼ «እሱስ ለውጭ አገር የሠሩትም እንደዚህ ነው» ብለው ዕውቀቴን በትሕትና አጠፉልኝ።)

ታላቅየው እንደገና ገቡ። «81! ይኸው! እንኳን በ70፣ በ77ም አልነበረም ማለት ነው።»

«በ77 ራስዎ አይተውታል እኮ» አለቻቸው እህታቸው፤ ተናዳ አንቱታውን አመጣችው። «የፈረንጅ ነው ተባለ አይደል? በእኛ 73 ነው፤ 74 ነው።»

ጋሼ ለሁለቱም ጆሮ አልሰጡም። የቀፎውን ቀኝ ጎን ከውስጥ በጣታቸው ይዳስሳሉ። ከውጭ ሲታይ አንዲት ጥቁር ቁልፍ የመሰለች ነገር አለች፤ እኔ ጌጥ መስላኝ ነበር። በፒንሳው እጀታ ቀስ ብለው ገፏት። ወደቀች። ክብ ቀዳዳ ሆነ። ከቀዳዳው ትይዩ ደግሞ አራት ባዶ የብሎን ጉድጓዶች፣ ምንም ነገር ያልታሰረባቸው። «ዲናሞው እዚህ ነበር» አሉ። «ዘንጉ በዚህ ይወጣል። ይሄ የሚዘወር ስልክ ነበር። መደወያው ያለበት ቦታ ክብ ክዳን ነበረው፤ ድፍን። ምንም የሌለበት።» ከዚያ ወደ እህትየዋ ዞሩ። «ፊት አልነበረውም ያልሽው እሱ ነው።»

እህትየው ምንም አላለችም። ዝም ብላ ቀዳዳዋን አየቻት።

ሽቦዎቹም ይመሰክራሉ። የጥንቶቹ በጨርቅ የተለበጡ ናቸው፤ መደወያውን ከቀረው ጋር ያገናኙት ግን ቀይና አረንጓዴ ፕላስቲክ የለበሱ፣ ብየዳቸውም የሌላ እጅ ነው። ጎበዝ እጅ ነው አሉ ጋሼ። በሁለተኛው ጸሐፊ እጅ የታረመ መጽሐፍ ይመስላል።

ታላቅየው ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። «እሺ» አሉ፤ «የሚዘወር ነበር፤ ተለወጠ። ግን ማዕከል ወስደው ለውጠው፣ ጠራርገው፣ ለአባባ በ75 ወይ በ76 እንደ አዲስ ቢሰጡትስ?» እውነታቸውን ነው። እኔም በልቤ ይህንኑ ብዬ ነበር።

ጋሼ መደወያውን አንሥተው መሀሉ ላይ ያለችውን ብርሃን የምታሳልፍ ክዳን በጥፍራቸው ፈለቀቁ። የቁጥሯ ወረቀት ወጣች፤ በኳስ እስክሪብቶ የተጻፈ ረጅም ቁጥር። ከሥሯ ሌላ፣ ለማጠንከሪያ የገባች፣ ጠቆር ያለች ወረቀት አለች። ገለበጧት። በቀለም፣ በጥሩ የቁም ጽሕፈት፦ ሀገረ ሕይወት 14።

አሁን ተራው የኔ ነው ብዬ ዘለልኩ። ሀገረ ሕይወት በንጉሡ ዘመን ለአምቦ የተሰጠ ስም ነው፤ ስለዚህ ወረቀቷ ከአብዮቱ በፊት ናት አልኩ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስልክ ቤት ስም ቶሎ አይለውጥም» አሉ። ልክ ናቸው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም የአገሪቱ ቁጥሮች ሲለወጡና አምቦ 011 236 ስትሆን፣ በቁጥር ዝርዝሩ ላይ ያለችው ሀገረ ሕይወት ተብላ ነው። ንጉሡ ከወረዱ ከሠላሳ ዓመት በኋላ! ስሙ ዘመን አይቆጥርም። የሚቆጥረው 14 ነው። ባለ ሁለት አሐዝ ቁጥር የማዞሪያዋ ልጅ ዘመን ነው፤ መደወያ ላለው ስልክ አይሆንም። አሮጌዋን ወረቀት ከአዲሷ ሥር የሸጎጣት ሰው መደወያውን የገጠመው ባለሙያ ነው፤ ያገኛትም ከራሱ ከስልኩ ፊት ነቅሎ ነው። ማለትም ስልኩ መደወያ ሳይኖረው 14 ሆኖ የሠራ ነው።

«14 የኛ ነበር» አለች እህትየው። «አባባ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አስጽፎት ነበር።»

«እሺ፣ መቼ?» አሉ ታላቅየው። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቁ፦ «የድንጋዩ ሣጥን የታለ?»

የሚዘወር ስልክ የራሱ ባትሪ ድንጋይ ያስፈልገዋል፤ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች በእንጨት ሣጥን ሆነው ከጠረጴዛው ሥር ወይም ከግድግዳው ይቀመጣሉ። ይህን ሲያስረዱ እህትየው ተነሥታ ጓዳ ገባች። የክርና የመርፌ ማስቀመጫ ያደረገቻትን፣ ጀርባዋ ላይ ሁለት የሽቦ ቀዳዳ ያላትን፣ አርባ ዓመት ሙሉ ለምን እንደተቀዳደደች ያልጠየቀቻትን ሣጥን ይዛ መጣች። ክሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ጋሼ ክዳኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉት። ከውስጥ በእርሳስ፣ በተለያየ ሰው እጅ፦

ኅዳር 67። ጥር 68። የካቲት 69። መስከረም 72።

ድንጋይ የሚለውጥ ሠራተኛ የለወጠበትን ቀን ክዳኑ ላይ ይጽፋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው እንዲያውቅ። ወሩ የእኛ፣ ዓመቱ የእኛ። የፈረንጅ ነው የሚል ክርክር የለበትም። ስልኩ ከ1967 ጀምሮ እዚህ ቤት ነበር።

ታላቅየው ክዳኑን ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር ጠየቁ። «70 የለም» አሉ።

«የለም» አሉ ጋሼ።

«ካልተለወጠ ምን ይሆናል?»

እዚህ ላይ ጋሼ ያሉትን በተቻለኝ መጠን እንዳሉት ልጻፍ። ደወሉ በድንጋይ አይደለም የሚጮኸው፤ ከማዞሪያው በሚመጣ ኃይል ነው፤ ድንጋዩ ቢሞትም ይጮኻል። ጆሮ ላይ የሚደረገውም ክፍል ድንጋይ አይፈልግም፤ የወዲያውን ሰው ድምፅ የሚያመጣው የወዲያው ሰው ድንጋይ ነው። የራስህ ድንጋይ የሚያገለግለው አፍህን ብቻ ነው። የከሰሉን ፍርፋሪ አልፎ ድምፅህን የሚያወጣው እሱ ነው። «ብዙ የሚወራበት ስልክ ከሆነ ዓመት አይሞላም። የወፍጮ ቤት ስልክ ደግሞ…» ብለው ተዉት። ከየካቲት 69 እስከ ግንቦት 70 ዓመት ከሦስት ወር ነው። «ድንጋዩ ከሞተ ይጮኻል፤ ታነሣለህ፤ ትሰማለህ። አንተ ግን አትሰማም። ብትጮኽም አትሰማም። ሀሎ፣ ሀሎ ይልሃል፤ ከዚያ ማዞሪያዋ አይመልሱም ብላ ትነቅለዋለች።»

ማንም አልተናገረም። ከደጅ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል።

ጋሼ ሐቀኛ ሰው ናቸውና ጨመሩበት። «ማን እንደደወለ ግን ይሄ ሣጥን አይናገርም። ወንድ ልጅ ሀሎ ሲል ሁሉም ይመሳሰላል። ሽቦው ሲያንሾካሹክም ድምፅ ይመስላል።»

«አውቃለሁ» አሉ ታላቅየው። ክዳኑን ለእህታቸው መለሱላት። «በ70 ማን ነበር እዚህ ድንጋይ የሚለውጠው?» ብላ ጠየቀች እሷ።

«እኔ ያን ጊዜ ነቀምት ነበርኩ» አሉ ጋሼ፤ የፈቱትን መልሰው መግጠም ጀምረው። «በዚያ ዓመት ደግሞ ማን ምን ይለውጣል፣ ልጄ።» የጎኑን ቁልፍ በቦታዋ መለሷት። ሁለቱን ወረቀቶች ግን እህትየው ያዘቻቸው፤ አሮጌዋን ከላይ አድርገው እንዲገጥሙላት ለመነቻቸው፤ አደረጉላት። አሁን ያ ባለ መደወያ ስልክ ሀገረ ሕይወት 14 ይላል። ከእንግዲህ ዘመኑን ሊያውቅ ለሚመጣ ሰው ምን ያህል ራስ ምታት እንደሚሆን ሳስበው መምህርነቴ አመመኝ፤ ግን አልተናገርኩም።

ምሳ በላን። የክርክሩ ነገር አልተነሣም። አመሻሽ ላይ ስነሣ ታላቅየው እስከ መናኸሪያው ሸኙኝ፤ መንገድ ላይ ስለ አሰብ ሙቀት ነበር የሚያወሩልኝ።

ከፋሲካ በኋላ እህትየው ደወለች። እምነ በረዱ ተሠርቶ ቆሟል። የአባትና የእናታቸው ስም፣ ከሥር የወንድማቸው ስም፣ ከዚያ 1970 ዓ.ም. አለች።

«ወሩስ?» አልኳት።

«ወንድም ጋሼ ቦታ አስተርፎለታል።»